ኮሌራን ዝም አታሰኙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ? የጤና ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ፤ ብዙ ጊዜም ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ስለ ባክቴሪያዎች ንግግር ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን ከነከነኝ። ርዕሱ የባክቴሪያ ቋንቋ እንደተደረሰበትና «በቅርቡ» አንቲባዮቲክን የሚተካ መድኃኒት ሊመጣ እንደሆነ ያበስራል፤ ውስጡ ደግሞ የባክቴሪያዎቹን ንግግር ማፈን ኮሌራን ጭምር እንደሚያስቆም ይናገራል። እንዲህ ያለ ወሬ ክንፍ አለው። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ሲዞር አየሁት። አንድ ዘመዴ ለእኔው ልኮልኝ ከሥሩ «ተገላገልን» ብሎ ጽፎበታል።

አልተገላገልንም።

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሽንት፣ ከደም፣ ከቁስል የተወሰደ ናሙና ፕሌት (የጀርም ምግብ ያለበት ክብ ሳህን) ላይ ዘርቼ ጀርም አበቅላለሁ፤ የበቀለውን ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እፈትሻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ምርምሩንም እወደዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ቅር ያለኝ አቀራረቡ ነው። ደስ የሚለውና የሚጠቅመን ታሪክ ቀርቶ፣ ገና ያልተሠራ መድኃኒት ተነገረን።

እስቲ ከመነሻው ልጀምር፤ ጽሑፋችሁ የዘለለው እሱን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1970 ኬኔት ኒልሰንና ዉድላንድ ሄስቲንግስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሕር ውስጥ በሚኖር፣ በጨለማ በሚያበራ ባክቴሪያ ላይ ጥናት አወጡ። ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ባክቴሪያው አዲስ ፈሳሽ ምግብ ውስጥ ሲጨመር ይራባል፣ ይበዛል፤ ብርሃኑ ግን የለም። ከዚያ በጣም ከተጠጋጋ በኋላ ድንገት ሁሉም አንድ ላይ ይበራል። ባክቴሪያ ሲራባበት የቆየውን ፈሳሽ ወስደው ሌላ፣ ገና ጥቂት የሆነ ባክቴሪያ ሲጨምሩበት ደግሞ ቁጥሩ ሳይሞላ ቶሎ ይበራል። ስለዚህ ፈሳሹ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የለቀቁት ነገር።

አሠራሩ ሲታወቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ባክቴሪያ አንዲት ትንሽ ሞለኪውል እየሠራ ወደ ውጭ ይለቃል። ብቻውን ከሆነ የለቀቃት ተበትና ትጠፋለች። ሲበዙ ግን ትጠራቀማለች፤ መጠኗ ከፍ ሲል ባክቴሪያዎቹ ላይ ካለው መቀበያ ፕሮቲን ጋር ትገጥምና አንዳንድ ጂኖች ሥራ እንዲጀምሩ፣ አንዳንዶቹ እንዲያቆሙ ታደርጋለች። የእድር ስብሰባ ላይ ኮረም ሳይሞላ ውሳኔ አይተላለፍም አይደል? ሳይንቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ1994 ነገሩን «ኮረም ሴንሲንግ» ብለው ሰየሙት። ብልሃቱ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ። አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ቢያበራ ማን ያይለታል? ብቻውን መርዝ ቢለቅስ? ሰውነታችን ይነቃበትና ገና ሳይጀምር ያልቅለታል። ብዙ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ሲሆን ነው ነገሩ የሚያዋጣው።

የመጀመሪያው ጥናት በወጣበት ጊዜ ግን አብዛኛው ሳይንቲስት ነገሩን ከቁብ አልቆጠረውም። የሚያበሩ የባሕር ባክቴሪያዎች አመል ነው ተብሎ ታለፈ። ሀዋይ አካባቢ ጥልቀት በሌለው ባሕር የሚኖር ትንሽ ስኩዊድ እነዚህን ባክቴሪያዎች ሆዱ በኩል ባለ ልዩ አካል ውስጥ ያኖራል። ሌሊት ሲወጣ ከላይ የጨረቃና የከዋክብት ብርሃን ያርፍበታል፤ ከሥር ባክቴሪያዎቹ ያበሩለታል፤ ስለዚህ ጥላ የለውም፣ ከታች የሚመጣ አዳኝም አያየውም። ሲነጋ አብዛኛውን ባክቴሪያ አውጥቶ ይጥለዋል። የቀሩት ቀኑን ሙሉ ተራብተው ለማታው ይደርሳሉ። ደስ የሚል ተረት ይመስላል፤ ለሕክምና ግን ምን ይፈይዳል ተባለ።

ፕሮፌሰር ቦኒ ባስለር የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። እናንተ ስማቸውን ጠርታችሁ አልፋችኋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ቺካጎ የተወለዱ ናቸው። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲሠሩ ማይክል ሲልቨርማን የሚባሉ ተመራማሪ ስለነዚህ ባክቴሪያዎች ጂኖች ንግግር ሲያደርጉ ሰሙ። ንግግሩ እንዳለቀ ሄደው አብረዋቸው እንዲሠሩ ለመኗቸው። ሰውየው ተቀበሏቸው፤ ካሊፎርኒያ ላ ሆያ ሄደው አብረው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ጀርሲ ወዳለው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ከሥራቸው ሁሉ የምወደው የመጀመሪያውን ነው። ቪብሪዮ ሃርቬይ የሚባል የሚያበራ ባክቴሪያ ወስደው ምልክቱን የሚሠራበትን ጂን አበላሹበት። እንግዲህ መልእክት መላክ ካልቻለ መጨለም አለበት። አልጨለመም። ያበራል! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሙከራው ተበላሸ ብሎ ይጥለው ነበር። እሳቸው ግን ሁለተኛ መስመር አለ ማለት ነው አሉ፤ ነበረም። በአንደኛው መስመር ባክቴሪያው ከራሱ ዘር ጋር ይነጋገራል። ሁለተኛው ግን ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ያንን ሁለተኛ ምልክት የሚሠራው ጂን ሲገኝ ኢ ኮላይም ሳልሞኔላም እንዳላቸው ታወቀ፤ በኋላም በብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ውስጥ ተገኘ። ባሕር ገብተው የማያውቁ፣ እኛ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ማለት ነው። ባክቴሪያ ጎረቤቱ የራሱ ዘር ይሁን የባዳ መለየት ይችላል። ከዚያ በኋላ የስኩዊድ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ሽልማቱ በየጊዜው መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የማክአርተር፣ በ2015 ከፒተር ግሪንበርግ ጋር የሻው፣ በ2022 የዎልፍ ሽልማት።

አሁን ወደ እኔ ጠረጴዛ ልምጣ።

ሱዶሞናስ ኤሩጊኖሳ የሚባል ጀርም አለ። እሳት ያቃጠለው ሰው ቁስል ላይ፣ የሽንት ቱቦ ገብቶለት የከረመ ሕመምተኛ ላይ፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገኛል። ማታ ፈዛዛ ቢጫ የሆነ ፕሌት ላይ ዘርቼው ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባዋለሁ። ጠዋት ሳወጣው ፕሌቱ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኗል። ጀርሙ የበቀለበት ቦታ ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው አጋር የሚባለው የረጋ ምግብ ራሱ ቀለሙን ጠጥቷል። ክዳኑ ገለጥ ሲል ወይን ወይን ይሸታል። (ፕሌት ማሽተት ክልክል ነው፤ ይኼኛው ግን ሳይሸቱትም ይመጣል።) ያ ቀለም ፓዮሳያኒን ይባላል፤ ሴል የሚጎዳ ኬሚካል ነው። ጀርሙ ቀለሙንም ሽታውንም በብዛት የሚያወጣው እንዲሁ አይደለም፤ ኮረም ሲሞላለት ነው። ተማሪ ሳለን ቀለሙንና ሽታውን መለያ አድርገን ሸመደድነው እንጂ፣ የምናየው የንግግራቸው ውጤት መሆኑን ያኔ ማንም አልነገረን።

ከዚያ የመድኃኒት ፍተሻው ይቀጥላል። ጀርሙን አዲስ ፕሌት ላይ በጥጥ አዳርሼ እቀባና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አስቀምጥበታለሁ። ዲስክ እንላቸዋለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በማግስቱ ዲስኩን ከብቦ ጀርም የሌለበት ንጹሕ ክብ ይታያል። ክቡን በማስመሪያ እለካለሁ። የማይሠራ ከሆነ ጀርሙ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል። አንዳንዴ ፕሌቱን አንስቼ ወደ መብራቱ ሳዞረው አንድም ክብ የለም። ውጤቱን ስጽፍ እጄ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያ ወረቀት ሐኪሙ እጅ ሲደርስ ለበሽተኛው ያለው አማራጭ ሆስፒታሉ ውስጥ የሌለ ወይም ቤተሰቡ ሊገዛው የማይችለው መድኃኒት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ንግግራቸውና መድኃኒት መላመዳቸው ምን አገናኛቸው? ጽሑፋችሁ ሁለቱን አጎራብቶ አስቀመጣቸው እንጂ አላገናኛቸውም። ይገናኛሉ፤ ያውም ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ።

አንደኛው ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያዎች ሲበዙ የሚያጣብቅ ነገር አመንጭተው ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ጠዋት ጥርሳችሁን ሳትቦርሹ በምላሳችሁ የምትነኩት ነገር እሱ ነው። በሽንት ቱቦ ውስጥ፣ ለስብራት በገባ ብረት ላይ፣ በሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላይም ይሠራል። እዚያ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ለብቻው ከሚንሳፈፈው ይልቅ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ የመድኃኒት መጠን ሊቋቋም ይችላል። ጂኑ ስለተለወጠ ላይሆን ይችላል፤ መሸሸጊያ ስላለውና ዘገም ብሎ ስለሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት የሱዶሞናስን ምልክት ስታጠፋበት ባዮፊልሙን በደንብ መገንባት እንደሚያቅተው አሳየ።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ አለ። መድኃኒት የመቋቋሚያ ጂን የሌለው ባክቴሪያ ትንሽ ምልክት ይለቃል። ጂኑ ያለው ጎረቤት ምልክቱን ሲሰማ ተጠግቶ ይጣበቅና ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋምበትን ጂን የያዘች ክብ ዲኤንኤ ቀድቶ ይሰጠዋል። እነሆ በረከት! የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ ደግሞ ሲበዛ የሚለቀው ምልክት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አሌክሳንደር ቶማዝ የተባሉ ተመራማሪ የደረሱበት ነው፣ ከሚያበሩት ባክቴሪያዎች ጥናት በፊት ማለት ነው። ምልክቱ ሲበዛ ባክቴሪያው በአካባቢው ያገኘውን ዲኤንኤ፣ የሞተ ዘመዱንም ጭምር፣ ወደ ውስጥ ስቦ ይወስዳል። ፔኒሲሊን የማይገድለው ኒሞኮከስ የተፈጠረው ከሌሎች በተወሰደ የጂን ቁራጭ ነው።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «ታዲያ ዝም ማሰኘት ነዋ!» ይላል። ጽሑፋችሁም ያለው ይኼንኑ ነው። ንግግሩን አፍኑት፣ በሽታው ያበቃል።

ኮሌራ ላይ ይኼ አይሠራም። ጭራሽ ይገለበጣል።

የኮሌራ ጀርም ቪብሪዮ ኮሌሬ ነው፤ ከሚያበሩት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የፕሮፌሰር ባስለር ላብራቶሪም ለዓመታት ሠርቶበታል። ይህ ጀርም ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ነው የሚከፋው። በቆሸሸ ውሃ ተሳፍሮ አንጀት ሲገባ ጥቂት ነው፣ ምልክት አልተጠራቀመም። ያኔ ይጣበቃል፣ ባዮፊልም ይሠራል፣ መርዙን ያመነጫል፤ ሰውየውም ውሃ በውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ጀርሙ በጣም ሲበዛና ምልክቱ ሲጠራቀም ግን መርዙን ያቆማል፣ ከተጣበቀበት ይላቀቃል፣ ከተቅማጡ ጋር ይወጣል። ለምን እንደዚያ ያደርጋል? እሱ የሚፈልገው ሌላ ሰው ጋ መድረስ ነው። ሥራውን ጨርሷል፣ መሄድ አለበት። እንግዲህ የኮሌራን ንግግር ብታፍኑት ምን ይሆናል? ጀርሙ ጥቂት ነኝ ብሎ ያስባል፤ መርዙን ይቀጥላል።

ስለዚህ ኮሌራ ላይ የሚፈለገው ቶሎ ማናገር ነው፤ ሳይበዛ በዝቻለሁ ብሎ እንዲያስብ ማሳሳት። የፕሪንስተኖቹ የጀርሙን ዋና ምልክት ለይተው ምን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2007 አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጉዳት የሌለውን ኢ ኮላይ ያንን ምልክት እንዲያመርት አድርገው ለአይጥ ግልገሎች ሰጡ፤ ከዚያ ኮሌራ ሲሰጣቸው ምልክቱን ካላገኙት ይልቅ ብዙዎቹ ተረፉ። አይጦች ናቸው፣ ልብ በሉ። ሰው ላይ የደረሰ መድኃኒት የለም።

ይኼ ለእኛ ተራ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ባሌ ዞን የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ከክልል ክልል እየተዛመተ ቆይቶብናል። እንዲህ ባለ አገር «ባክቴሪያን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ተገኘ» ብሎ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው። ኮሌራ የያዘውን ሰው ዛሬ የሚያድነው ኦአርኤስ፣ ሲብስም ግሉኮስ እያልን የምንጠራው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። አንቲባዮቲክ እንኳ የሚታዘዘው በጣም ለደከመው ነው። ተቅማጥ በጀመረው ቁጥር ፋርማሲ ሮጦ ፍላጂል የሚውጠው ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ሱዶሞናስስ? እዚያ ማፈኑ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የባስለር ላብራቶሪ የሱዶሞናስን መቀበያ የሚዘጋ ሞለኪውል ሠርቶ፣ ጀርሙ ትንንሽ ትሎችን እንዳይገድልና ባዮፊልም ሠርቶ ቀጭን ቱቦ እንዳይዘጋ እንደሚያደርገው አሳይቷል። ግሩም ሥራ ነው። ሐሳቡም ያማልላል፤ አንቲባዮቲክ ይገድላል፣ የሚገድል ነገር ሲመጣ ደግሞ የማይሞተው ብቻ ተርፎ ይራባል። የማይገድል፣ ትጥቅ ብቻ የሚያስፈታ መድኃኒት ግን ያንን ያህል ግፊት ላይፈጥር ይችላል። «ላይፈጥር ይችላል» ነው ያልኩት። ከሳንባ ሕመምተኞች በተወሰደ ሱዶሞናስ ውስጥ ዋናው መቀበያው ከነጭራሹ የተበላሸበት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ማለትም በራሱ ጊዜ የደነቆረ ጀርም ነው፤ ሰውየው ግን አልዳነም፤ ጀርሙ በሌላ መስመር ሥራውን ቀጥሏል። እንዲህ ዓይነት ተንኮለኛ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ ንግግር በማፈን ብቻ የሚሠራ፣ ሰው ላይ እንዲውል የተፈቀደ የባክቴሪያ መድኃኒት የለም። ጽሑፋችሁ «በቅርቡ» ያለው ከየት አምጥቶ እንደሆነ ብትነግሩን ጥሩ ነበር።

እስከዚያው ያሉንን መድኃኒቶች እየጨረስናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ገምቷል። ከሰሐራ በታች ያለነው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ተጎጂዎች ነን። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ በ1945 ኖቤል ሲቀበሉ ደግሞ መድኃኒቱን ማንም ከሱቅ እየገዛ ያለ መጠኑ ሲወስደው ጀርሙ እንደሚላመድ አስጠንቅቀው ነበር። ሰማናቸው እንዴ?

አንድ የምታውቁትን ነገር ላንሳ። ታይፎይድና ታይፈስ። አዲስ አበባ ውስጥ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብኛል» ያላለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ክሊኒክ፣ የደም ምርመራ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ደሙ ይለይና ከሴረሙ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል፤ ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ፈሳሽ፣ ይጨመርበታል፤ ስላይዱ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ከጓጎለ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ዊዳል (የታይፎይዱ) እና ዌል ፊሊክስ (የታይፈሱ) የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዊዳል የሚያየው ጀርሙን አይደለም፤ ሰውነታችን በአንድ ወቅት ጀርሙን ወይም የሚመስለውን ሌላ ጀርም ተዋግቶ ያስቀረውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ካቻምና ታይፎይድ የታመመ ሰው ዛሬ በጉንፋን ቢመጣ ሊጓጉልለት ይችላል። ታይፎይድ አገሩ በሆነበት ቦታ በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ ይህን መለየት ከባድ ነው። ትክክለኛው የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደም አብቅሎ ማየት ነው፤ እሱ ቀናት ይወስዳል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ የሚሠሩትም ላብራቶሪዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ተሸክሞ ይወጣል። ምናልባት የያዘው ቫይረስ ነበር። በራሱ ጊዜ ይሻለዋል፤ ምስጋናው ግን ለሲፕሮ ነው። በሚቀጥለው ሲያመው ክሊኒክ መሄድም አያስፈልገውም፣ መድኃኒቱን ያውቀዋላ።

በዚህ መሀል አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምን እያደረጉ ነው? ደካሞቹ አለቁ። የተረፉት እዚያው ናቸው፣ ከላይ የነገርኳችሁን የጂን ልውውጥ እያጧጧፉ።

ፋርማሲ ቤቱንም ታውቁታላችሁ። «እስቲ ለጉሮሮ የምትሆን አሞክሳሲሊን ስጪኝ፣ ስድስት ፍሬ ይበቃኛል።» ቀይና ጥቁሩን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ ሰው ዛሬም አለ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም ይላል ደንቡ፤ ይሸጣል። ሻጮቹን ብቻ አልኮንንም። አንዷ ፋርማሲስት አልሸጥም ብትል ደንበኛው ተሳድቦ ቀጥሎ ያለው ቤት ገብቶ ይገዛል፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብትለውም የካርድ፣ የምርመራና የትራንስፖርት ወጪው ከኪኒኑ ዋጋ ይበልጣል። እኛም ላብራቶሪ ያለነው ንጹሕ አይደለንም ማለቴ አይቀርም፤ ዲስክ አልቆ፣ ሪኤጀንት ዘግይቶ፣ ሐኪሙ ካልቸር አዞ «አይሠራም» ብለን የምንመልስበት ጊዜ አለ። ውጤት የሚዘገይበት ሐኪም ደግሞ በግምት ሰፋ ያለውንና ኃይለኛውን መድኃኒት ያዛል። ምን ያድርግ?

ይህን ሁሉ የምለው ምርምሩን ለማጣጣል እንዳይመስልባችሁ። ከጽሑፋችሁ ላይ ያጣሁት ይኸው ነው፤ የባስለር ሥራ መድኃኒት ከመሆኑ በፊትም ዕውቀት ነው። ቱቦ ቶሎ ማውጣት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል፤ ባክቴሪያዎቹ ተሰባስበው ባዮፊልም ከሠሩ በኋላ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነውና። በቱቦ የመጣ ኢንፌክሽን መድኃኒት ተውጦለት ለምን እንደሚመላለስ ያስረዳል። ትንሽ ቁስል ላይ የተነሰነሰ ዱቄት ለምን ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበዛ ያስረዳል። ነርስ ለአስታማሚ ሊነግረው የሚችል፣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሊከራከርበት የሚችል ዕውቀት ነው። ለመጠቀሙ አዲስ ኪኒን መጠበቅ አያስፈልግም።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ርዕሱን አርሙልን፤ ቢያንስ «በቅርቡ» የሚለውን አውጡት፣ ስለ ኮሌራ የተባለውንም አስተካክሉ፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው በእናንተ ስም ነውና እርማቱም በእናንተ ስም ቢዞር ይሻላል። ሁለተኛው፣ ስለ ታይፎይድና ታይፈስ ምርመራ አንድ ሰፊ ዘገባ ሥሩ። ሐኪሞችን ጠይቁ፣ ፋርማሲስቶችን ጠይቁ፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያሉ ባለሙያዎችንም አናግሩ፤ ስላይዱ ሲወዛወዝም ቆማችሁ እዩ። ፎቶ አንሺ ይዛችሁ ከመጣችሁ ያቺን ሰማያዊ አረንጓዴ ፕሌት እኔ አሳያችኋለሁ፤ ጠዋት ኑ፣ ከሰዓት በኋላ ተጠርጎ ይጣላል።

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቅ፣ እንዲወጣ ግን አልፈልግም)